እጅጌ ላይ የተሠራ ሒሳብ

ከአራት ፎቅ ሕንፃ ሥር፣ ከደረጃው ጎን፣ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ ቆሞ የሚጠብቅባት አንዲት የልብስ ማስተካከያ ሱቅ አለች። ባለሱቋ ከሌላ አገር የመጣች ሴት ናት። እዚህ ስትገባ መቀሷን፣ ሜትሯንና የሁለት ዓመት ሴት ልጇን ይዛ ነበር፤ ባሏ በዓመቱ ተከተላት። የአገሩን ቋንቋ ከሃያ ቃል በላይ አታውቅም፤ ከሃያው አሥራ አምስቱ ደግሞ የቀለም ስሞች ናቸው። ለሥራዋ ግን አልጎደለባትም። ደንበኛ መስታወቱ ፊት ሲቆም እሷ የምታየው ልብሱን ሳይሆን ፊቱን ነው። አፉ "ግሩም ነው" እያለ ዓይኑ ወደ ወገቡ ከሄደ፣ ወገቡን መልሳ ትተረትረዋለች።

አንድ ሕግ አላት። ልብሱ በመኪና ከመሰፋቱ በፊት ጨርቁ እንዳይንሸራተት በነጭ ክር፣ በእጇ፣ ሰፋ ሰፋ አድርጋ ታያይዘዋለች። መኪናው ካለፈበት በኋላ ያ ነጭ ክር አንድም ሳይቀር ይመዘዛል። ነጭ ክር የታየበት ልብስ ከዚያች ሱቅ በር አይወጣም። አንዴ አንድ ጠበቃ ከኮቱ ገበር ውስጥ የጣት አንጓ የምታህል ነጭ ክር አገኘና እየሳቀ መዞ ሰጣት። ሰውየው ምንም አልመሰለው፤ ሴትዮዋ ግን ያን ቀን ምሳ አልበላችም። "ጓዳዬን ከፍቶ ያየብኝ ያህል ነው" አለች። ሥራ ካለቀ ልፋቱ መታየት የለበትም፤ ልብሱ ማንም ሳይነካው እንዲያው የተገኘ መምሰል አለበት ባይ ናት።

ክሩን የምትመዘው ልጅቷ ነበረች። ከዘጠኝ ዓመቷ ጀምሮ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በርጩማዋ ላይ ቁጭ ብላ በወረንጦ ክር ትመዛለች፤ ቀና ስትል ደግሞ ታስተረጉማለች። በዚህ ሁለተኛ ሥራዋ አባቷ "ቃል አቀባይ" ብሎ ቢጠራት ስሙ ተጣበቀባት። እውነትም የቃል አቀባይ ጠባይ ነበራት። ደንበኛው "ይሄ ሱሪ ተበላሽቷል፣ ምን ዓይነት ሥራ ነው!" ብሎ ሲቆጣ፣ "እማዬ፣ እዚህ ጋ ትንሽ ቢስተካከል ደስ ይለኛል ይላሉ" ትላለች። እናቷ "እሱ ራሱ ወፍሮ ምን አድርጊ ይለኛል!" ስትል ደግሞ ወደ ደንበኛው ዞራ "ችግር የለም፣ ነገ ይደርሳል ትላለች" ትላለች። የአከራይ ደብዳቤ፣ የሐኪም ወረቀት፣ የትምህርት ቤት ማስታወቂያ፣ የዚያ ቤት ወረቀት ሁሉ መራራው ተጣርቶ ቀርቶ ጣፋጩ ብቻ ነበር ለወላጆቿ የሚደርሰው። ይሄ ውሸት ነው ብሎ የሚፈርድባት ካለ፣ በዘጠኝ ዓመቱ ለአባቱ የሐኪም ወረቀት አንብቦ ይሞክረው።

ዩኒቨርሲቲ የገባች ጊዜ ቤቱ ምን ማድረግ እንዳለበት ግራ ገባው። በእናትም በአባትም ወገን ወደ ኋላ ቢቆጠር እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት ሰው የለማ! አባቷ መኪና ማቆሚያ ጠባቂ ነው፤ ያን ሰሞን መኪናውን ሊያቆም የመጣ ሁሉ ከቲኬቱ ጋር ዜናውን ሳይቀበል አያልፍም ነበር። በመጀመሪያው ቀን ሦስቱም አብረው ሄዱ። ተማሪ ብቻውን እንደሚመጣ ማን ይንገራቸው? አባት የሠርጉን ሱፍ ለብሷል፤ እናት ሜትሯን ከአንገቷ ማውረድ ረስታለች።

ሦስት መቶ ሰው የሚይዝ፣ ወንበሮቹ እንደ ደረጃ ሽቅብ የሚወጡ አዳራሽ ነበር። እናት የመጀመሪያውን ወንበር ጨርቅ ገልበጥ አድርጋ ስፌቱን አየችና "ጥሩ ነው፤ ግን ቸኩለዋል" አለች። አባት ጣሪያውን እያየ ባርኔጣውን አወለቀ።

"እዚህ ውስጥ ነው የምትቀመጪው?" አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"አዎ አባዬ።"

"የትኛው ላይ?"

"የፈለግኩት ላይ።"

"የፈለግሽው ላይ!" አለ። ወደ ቤት ሲመለሱም አውቶቡስ ውስጥ ሁለት ጊዜ ለብቻው "የፈለገችው ላይ" ሲል ሰምታዋለች።

ቃል አቀባይዋን ያስደነገጣት ግን አዳራሹ አልነበረም። የሒሳብ መምህሯ ሽበታም፣ ቀጭን፣ ፀጉሯን ጠቅልላ በእርሳስ የምታሲዝ ሴት ናት። በሁለተኛው ሳምንት ሰሌዳው ላይ ሁለት፣ ሦስት፣ አምስት፣ ሰባት ብላ ጻፈች። "እነዚህ ከአንድና ከራሳቸው በቀር ለማንም አይካፈሉም። ያልቃሉ ወይስ አያልቁም?" ጠመኔዋን ወደ አዳራሹ ቀሰረች። "እሺ፣ ያልቃሉ እንበል። ሁሉንም ሰብስቡና እርስ በርስ አባዟቸው። ከዚያ አንድ ጨምሩበት።" ያ አዲስ ቁጥር ከተሰበሰቡት ለየትኛውም ቢካፈል ሁልጊዜ አንድ ይተርፋል። ስለዚህ ሳይሰበሰብ የቀረ አለ ማለት ነው። እሱንም ጨምራችሁ ሰብስቡ፤ አሁንም ሌላ ይቀራል። መምህሯ ጠመኔዋን አስቀመጠች። ዘጠኝ መስመር ነበር፤ ልጅቷ ቆጥራዋለች።

መጀመሪያ ደነገጠች፣ ቀጥሎ ደስ አላት፣ ቀጥሎ ማልቀስ አማራት። ማንም ቆጥሮ ሊደርስበት የማይችለውን ነገር አንዲት ሴት ቁጭ ብድግ ሳትል በዘጠኝ መስመር ጨረሰችው! ከአዳራሹ ስትወጣ የማይሆን አውቶቡስ ተሳፍራ ከተማው ዳር ደርሳ ተመለሰች። ሱቅ ስትገባ ቦርሳዋን ሳታወርድ ለእናቷ ነገረቻት።

"አንድ ብቻ ጨመሩበት?" አለች እናቷ።

"አንድ ብቻ።"

"በሱ ብቻ ማለቂያ እንደሌለው ታወቀ?"

"በሱ ብቻ።"

እናት መቀሱን አስቀመጠች። "ወይ ጉድ! ይሄን ሰው ነው ያሰበው?" አለችና ለጊዜው ወደ ሥራዋ መመለስ አልቻለችም።

በሰባተኛው ሳምንት ከውጤቱ ግማሹን የሚይዝ የቤት ሥራ ተሰጠ። ስድስት ጥያቄ ነው፤ የሦስት ሳምንት ጊዜ አለው። ልጅቷ ደብተር አልበቃ አላት። እናቷ ልብስ ከመቁረጧ በፊት ልኩን የምታወጣበት ቡናማ ጥቅል ወረቀት ሱቁ ውስጥ አለ፤ ወርዱ ክንድ ተኩል ነው። ከሱ እየቀደደች መሬት ላይ ዘርግታ በጉልበቷ ተንበርክካ ሠራች። አራተኛው ጥያቄ ብቻውን አሥራ አንድ ቀን ወሰደባት። አምስት ጊዜ የማይሆን መንገድ ይዛ ሄዳ ሰረዘች፤ ስድስተኛው ሲሆንላት ብቻዋን እያጨበጨበች ተነሳች፤ እየተለካ የነበረ ደንበኛ በመርፌ የተወጋ መስሎት ጮኸ።

ከዚያ ያደረገችውን ከእሷ በቀር በዚያ አዳራሽ ከተቀመጡት ሦስት መቶ ተማሪዎች አንዱም አያደርገውም። ንጹሕ ነጭ ወረቀት አወጣች፤ በማስመሪያ አሰመረች፤ ስድስቱን መልሶች በስድስት መስመር፣ በሚያምር እጅ ጽሑፍ ጻፈች። ሌላ ምንም የለበትም። በሁለተኛ ደረጃ ፈተናው ሁሉ ክብ ማጥቆር ነበርና አሠራሩን አሳዪ ያላት አስተማሪ አልገጠማትም። ይህን የሚያህል ሥራ ለዚያች መምህር ስታስረክብ ደግሞ ድካሟን፣ ስርዝ ድልዟን፣ አምስት ጊዜ መሳቷን እንዴት ታሳያት? ነጩን ክር መዘዘችው። ቡናማውን ወረቀት ጠቅልላ ጠረጴዛው ሥር ያለው ካርቶን ውስጥ ከተተችውና ረሳችው።

ባስረከበች በሁለተኛው ሳምንት ደብዳቤ መጣ። እንደ ሁልጊዜው እራት ጠረጴዛ ላይ ወላጆቿ ፊት ከፈተችው። ደብዳቤው እንዲህ ይላል፦ ስድስቱም መልሶችሽ ትክክል ናቸው፤ ነገር ግን አንድም የሥራ ሂደት የለባቸውም። ከሌላ ሰው መውሰድሽ ተጠርጥሯል። ሐሙስ በዘጠኝ ሰዓት የሠራሽበትን ወረቀት ይዘሽ ኮሚቴ ፊት ቅረቢ። ካላቀረብሽ ከትምህርት ክፍሉ ትሰናበቺያለሽ።

"ምን ይላል?" አለ አባቷ ሹካውን አስቀምጦ።

ልጅቷ ዓይኗን ከወረቀቱ ሳታነሳ "ስድስቱንም አግኝተሻል ይላሉ" አለች። እዚህ ድረስ እውነት ነው። "ሐሙስ በዘጠኝ ሰዓት መጥተሽ ሥራሽን አሳዪን ይላሉ።"

አባት ተነስቶ ግንባሯን ሳማት። "ፈቃድ እጠይቃለሁ፣ እኔም እመጣለሁ" አለ።

"ሱቁን እዘጋለሁ" አለች እናት። ሱቁ ተዘግቶ የሚያውቀው እናትየው ትርፍ አንጀቷን በተቀደደችበት ሳምንት ብቻ ነው።

በማግስቱ ልጅቷ ካርቶኑን ብታየው ባዶ ነው። ቆሻሻ የሚነሳው ዓርብ ዓርብ ነው፤ ሁለት ዓርብ አልፏል። እናቷን እንዳትጠይቅ፣ ስድስቱን አግኝታ የተመሰገነች ልጅ ስርዝ ድልዝ ምን ያደርግላታል? እንዲህ ሆና አምስት ቀን ከረመች። የምትፈልገው ከራሷ በላይ፣ መስታወቱ ጎን፣ ጽሑፉ ወደ ግድግዳ ዞሮ ምስማር ላይ ተንጠልጥሏል፤ እሷ ከሥሩ ተቀምጣ ክር ትመዛለች። ለእናቷ አንድ የእውነት ቃል ብትተነፍስ ኖሮ አምስቱንም ቀን ትተኛ ነበር።

ሐሙስ ደረሰ። ወላጅ ይዞ ኮሚቴ ፊት መቅረብ ክልክል ነው የሚል ደንብ አልነበረም፤ ማንም አድርጎት ስለማያውቅ ደንብ የጻፈለት የለም። ረጅም ጠረጴዛ ያለበት ክፍል ውስጥ መነጽራም ሰብሳቢ፣ ያቺ መምህርና አንድ ጸሐፊ ተቀምጠዋል። ወላጆቿ ግድግዳው ሥር ተቀመጡ። አባት ለማጨብጨብ የተዘጋጀ ይመስል እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጓል።

"የሠራሽበት ወረቀት የት አለ?" አለ ሰብሳቢው።

"ተጥሏል።"

"ተጥሏል" እያለ ሰብሳቢው ጻፈ። ልጅቷ ጠመኔ እንዲሰጧት ለመነች። አራተኛውን ሰሌዳው ላይ ሠራችው። መምህሯ ወደ ፊት ዘንበል ብላ ነበር የምታየው። ሰብሳቢው ግን ጭንቅላቱን ነቀነቀ። "ደብዳቤው ከደረሰሽ ሳምንት ሊሞላሽ ነው። በሳምንት ውስጥ ማንም የሌላ ሰው መንገድ ሊሸመድድ ይችላል። እኔ ማወቅ የምፈልገው ያኔ የሠራሽውን ነው።"

"ምን አሉ?" አለች እናት ከኋላ።

"ጎበዝ ነሽ ይላሉ።"

እናት ተነሳች። "ልጄ፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የደንበኛ ፊት ሳይ ነው የኖርኩት። ይሄ ሰውዬ ልብሱ አልሆነውም። ያለውን ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ ንገሪኝ።"

"እማዬ፣ ቆይ..."

"ንገሪኝ አልኩሽ!"

ልጅቷ ከዘጠኝ ዓመቷ ጀምሮ ያልሠራችውን ሥራ ሠራች። "ሰርቀሻል ይሉኛል" አለች። "መልሱን ከሰው ወስደሻል፣ ካልሆነ የሠራሽበትን አሳዪን ይላሉ። እኔ ደግሞ እንደ ነጩ ክር ነው ብዬ መዝዤ ጣልኩት። ሊያባርሩኝ ነው። ደብዳቤው ላይም የተጻፈው ይሄው ነበር።"

አባት እጆቹን ከጉልበቱ ላይ አነሳ፤ የሚያኖርበትም ቦታ ጠፋው።

እናት ግን የተናደደች አትመስልም ነበር፤ ግራ የገባት ነው የምትመስለው። "ያን መሬት ላይ ተደፍተሽ የጻፍሽበትን ወረቀት ነው የሚፈልጉት?"

"እሱን ነው። ግን ተጥሏል።"

"ማን ጣለው?" አለች እናት። "የእኔን ወረቀት ማን አባቱ ይጥላል? ጀርባው ንጹሕ አይደል እንዴ! ኮት አወጣሁበት።" ወደ ባሏ ዞረች። "ከመስታወቱ ጎን፣ ሁለተኛው ምስማር ላይ፣ ከግራጫው ሱሪ ኋላ። ሁሉንም አምጣ፤ እንዳታጥፈው ብቻ!"

ሱቁ ሦስት ፌርማታ ነው። ልጅቷ የነጩን ክርም የወረቀቱንም ነገር ለኮሚቴው ስታስረዳ ሰብሳቢው ሰዓቱን አይቶ "እስከ አሥራ አንድ እንጠብቃለን" አለ። መምህሯ እርሳሱን ከፀጉሯ መዝዛ መልሳ ሰካችው። ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ሲሆን በሩ ተከፈተና መጀመሪያ የገባው አባት ሳይሆን ጀርባ ነበር፤ ከወረቀት የተቆረጠ የኮት ጀርባ። አትጠፈው ስለተባለ አውቶቡስ ውስጥ ደረቱ ላይ ዘርግቶ፣ ሁለት እጅጌ በብብቱ ይዞ፣ ቆሞ ነው የመጣው። ተሳፋሪው ሁሉ መንገድ ለቆለት ነበር።

ጠረጴዛው ላይ የተደረደረው ወረቀት ግን ለማንም የሚነበብ አልሆነም። አንዱ መስመር ብብት ላይ ተቆርጧል፤ ሌላው ኮሌታ ላይ ጀምሮ አየር ላይ ቀርቷል። ሰብሳቢው አንዱን አንስቶ ገለበጠው፣ ደግሞ ገለበጠው። ልጅቷ ራሷ የጻፈችውን መለየት አቃታት።

"እስቲ ዞር በሉ" አለች እናት በቋንቋዋ። ማስተርጎም አላስፈለገም፤ ሁሉም ዞር አሉ። እናት ጽሑፉን አላየችም። የምታየው ጠርዙን ነበር። ጀርባውን መሃል አደረገች፤ የግራውን ፊት አመጣች፤ ትከሻውን ከትከሻው ጋር በጣቷ እየደባበሰች አገናኘች። እጅጌውን ስታዞረው፣ ስትገጥመው፣ ብብት ላይ የተቆረጠው መስመር ከጎኑ ካለው ጋር ቁጥር በቁጥር ተያያዘ። አንድ ፊደል ማንበብ የማትችል ሴት አሥራ አንድ ቀን የፈጀውን ሒሳብ በአምስት ደቂቃ መልሳ ገጠመችው። ልጅቷ ቆማ ታያለች። ያ አዳራሽ፣ ያ ሰሌዳ፣ እነዚያ ዘጠኝ መስመሮች እንኳ እንዲህ አላስገረሟትም። ይህቺን ሴት በየቀኑ እያየች አይታት እንደማታውቅ ገባት።

መምህሯ ከግራ እጅጌው ጫፍ ጀምራ በጣቷ እየተከተለች አነበበች። መቀሱ ሁለት ቁጥር የበላበት ቦታ ስትደርስ እርሳሱን ከፀጉሯ መዝዛ ሞላችው፤ ሽበቷ ትከሻዋ ላይ ሲፈስ አላወቀችውም። ጀርባው ላይ የተሰረዙትን አንድ ሁለት ሦስት አራት አምስት ብላ ቆጠረች። ሦስተኛው ላይ ቆመችና ሳቋ አመለጣት።

"ኑና ይሄን እዩት" አለችው ሰብሳቢውን። "ሰው የሌላ ሰው መልስ ይሰርቃል። እንዲህ ያለ ስህተት ግን ከማን ይሰረቃል?"

ሰብሳቢው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ረጅም ጊዜ አየ። በመጨረሻ የጻፈውን ወረቀት ከፊቱ አንስቶ ቀደደው። "ይቅርታ እንጠይቃለን" አለ፤ ለልጅቷ ሳይሆን ለእናትየው ነው ያለው። "እነዚህ ግን ለመዝገብ እዚህ ይቀራሉ።"

ልጅቷ ሳትጨምር ሳትቀንስ አስተረጎመች።

"አይቀሩም!" አለች እናት። "የኮቱ ጨርቅ መቼ ተቆረጠና! ከፈለጉ ኮፒ ያድርጉ።"

ይህም ሳይጨመር ሳይቀነስ ተተረጎመ። ጸሐፊው እጅጌውንና ጀርባውን በየተራ ኮፒ ማሽን ላይ ሲዘረጋ መምህሯ ኮቱ የማን እንደሆነ ጠየቀች።

"የእሷ ነዋ" አለች እናት ልጇን በአገጯ እያሳየች። "የምትመረቅ ቀን የምትለብሰው። አራት ዓመት ይቀራታል ሲሉኝ ያኔ ወፈር ብትልስ ብዬ ጎንና ጎኑን ትርፍ አድርጌዋለሁ።"

ልጅቷ ይህን ለማስተርጎም ሁለት ጊዜ መጀመር ነበረባት። መምህሯ ፀጉሯን መልሳ ጠቀለለች። "ለእናትሽም ንገሪያት" አለች፤ "ከእንግዲህ ከሒሳብሽ ላይ ያን ክር አትመዝዢው። እኛ እዚህ የምንፈልገው ክሩን ነው።"

እናት ይህን ስትሰማ አላመነችም። "ክሩን?" አለች። "ልብሱን ትተው ክሩን?" ዞር ብላ ክፍሉን፣ ጠረጴዛውን፣ ሦስቱን ሰዎች እንደ አዲስ አየቻቸው። የሰው ልፋት ተገልጦ የሚታይበት፣ የሚያሳፍር ሳይሆን የሚመረመርበት ቤት አለ ብላ አስባ አታውቅም። ልክ ቁጥሮቹ ማለቂያ እንደሌላቸው የሰማች ቀን እንዳለችው "ወይ ጉድ!" አለች፤ በሹክሹክታ።

ወደ ቤት ሲመለሱ አባት ጀርባውን ደረቱ ላይ ዘርግቶ ከፊት ቆሟል። እናት አንዱን እጅጌ ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። የተሰረዘ መስመር ላይ ጣቷን አኖረች።

"ይሄ ምን ይላል?"

ቃል አቀባይዋ ከልማድ የሚያምር ነገር ልትናገር አፏን ከፈተችና ተወችው።

"ተሳስቼ ነበር ይላል።"

"እሺ። ከዚያስ?"

"ተረተርኩትና እንደገና ጀመርኩ።"

እናት ጣቷን ወደሚቀጥለው መስመር አወረደች። "ይሄስ?"

"እሱም ስህተት ነው፣ እማዬ።"

"አንብቢልኝ" አለች እናት። "ሁሉንም አንብቢልኝ።"